ሁለቴ ከስሬ በሦስተኛው የገጠምኩት የጌም ኮምፒውተር

ቴክኒሻን አይደለሁም። በትንሽ ገንዘብ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ልገጥም ተነስቼ ሁለቴ የከሰርኩ፣ በሦስተኛው የሆነልኝ ሰው ነኝ። አሁን ዞር ብዬ ሳየው የሁለቱም ኪሳራ መነሻ አንድ ነው። ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን ለየብቻ መረጥኳቸው። አንዱ ለሌላው መመጠን አለመመጠኑን የጠየቅኩት ገንዘቡ ከኪሴ ከወጣ በኋላ ነው። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት እንድትጠይቁ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ የሳትኩት በፕሮሰሰሩ ነው። "ፕሮሰሰር የኮምፒውተር አእምሮ ነው" ሲባል ያልሰማ የለም። እኔም አእምሮው ከጠነከረ ሌላው ይከተላል ብዬ ካለኝ ገንዘብ ግማሽ ያህሉን ስምንት ኮር (ስሌት የሚሠራ የውስጥ ክፍል) ያለው ፕሮሰሰር ላይ አፈሰስኩት። ማዘርቦርዱን፣ ራሙን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ኬዙን ሳብቃቃ ለግራፊክስ ካርዱ የተረፈችው ፍርፋሪ ሆነች። በዚያች ፍርፋሪ አዲስ ካርድ ከነካርቶኑ ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ ዓይኑ የሚያበራ ሮቦት ተስሏል። "ጌሚንግ" ይላል። "4 ጊጋባይት" ይላል። ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ?

የቆዩ ጌሞች ፏ ብለው ሠሩ። ለሁለት ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ስንጠብቀው የከረምነውን አዲስ ጌም ከፈትን። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ሥዕል ብቻ። ግርግር በሚበዛበት ቦታ ደግሞ ወደ 15 ይወርዳል። ወንድሜ ትንሽ ታገሠና "ፎቶ እያሳየኸኝ ነው እንዴ?" አለኝ።

እዚህ ላይ ሁለቱ ዕቃዎች ሥራቸውን እንዴት እንደሚከፋፈሉ ልንገራችሁ። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ብዙ ገንዘብ ይተርፈኝ ነበር። ፕሮሰሰሩ በጌሙ ዓለም ውስጥ የሚሆነውን ያሰላል። ጠላት ወዴት ሄደ? ጥይቱ አገኘ ወይስ ሳተ? በሩ ሲሰበር ስንጥሩ ወዴት ይበተናል? አስልቶ ሲጨርስ ለካርዱ "በል ይህን ሳል" ይለዋል። ካርዱ እያንዳንዷን ነጥብ ቀለም ይቀባል። 1080ፒ በሚባለው ስክሪን ላይ 1920 በ1080፣ ማለትም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለ። በሰከንድ 60 ፍሬም ከፈለጋችሁ ይህ ሁሉ በየ16.7 ሚሊሰከንዱ እንደገና መሳል አለበት። ስክሪኑ 1440ፒ ሲሆን ነጥቡ ወደ 3.7 ሚሊዮን፣ 4ኬ ሲሆን ወደ 8.3 ሚሊዮን ያድጋል። ይህ ጭማሪ የሚጫነው ካርዱ ላይ ነው። የፕሮሰሰሩ ሥራ እምብዛም አይለወጥም። ሁለቱ እየተቀባበሉ ስለሚሠሩ የምታገኙት ፍጥነት የቀርፋፋውን ነው። የእኔ ስምንት ኮር አብዛኛውን ጊዜ እጁን አጣጥፎ ካርዱን ይጠብቅ ነበር።

ካርዱ ደካማ መሆኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሩ። 4 ጊጋባይት ማስታወሻው ራሱ ለአዲሱ ጌም አልበቃም። ካርዱ ላይ ያለው ማስታወሻ፣ ቪራም የሚሉት፣ ሲሞላ ትርፉ ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይሄዳል። ካርዱ በፈለገው ቁጥር በማዘርቦርዱ በኩል ሄዶ ያመጣዋል። የሚመላለስበት መንገድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይባላል። ትልልቆቹ ካርዶች 16 መስመር ይጠቀማሉ። ከርካሾቹ ብዙዎቹ 8፣ አንዳንዶቹ 4 ብቻ ናቸው። የእኔው 4 ነበር። ማዘርቦርዴ ደግሞ የሦስተኛው ትውልድ ስለነበር በአንድ መስመር የሚያልፈው በሰከንድ 1 ጊጋባይት ገደማ ነው። በአራተኛው ትውልድ እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ አስቡት። የካርዱ የራሱ ማስታወሻ በሰከንድ ከ100 ጊጋባይት በላይ እያስተላለፈ፣ ሞልቶ የፈሰሰው ግን በ4 ጊጋባይት ቀዳዳ ይንጠባጠባል። ጌሙ መሀል ላይ ቀጥ የሚለው ለዚህ ነበር። "ቴክስቸር" የሚለውን ሴቲንግ ዝቅ ሳደርገው መቆሙ ቀነሰ። በነገራችን ላይ የካርዳችሁ ማስታወሻ ጠባብ ከሆነ መጀመሪያ የምትነኩት ሴቲንግ ይኸው ነው።

ስም ሌላው ወጥመድ ነው። አንድ ስም ይዘው ሁለት ዓይነት የሆኑ ካርዶች ገበያው ላይ ሞልተዋል። ከካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 እና ባለ 6 ጊጋባይት አለ። ልዩነቱ ማስታወሻው ብቻ ይመስላል። ግን ባለ 3ቱ የውስጥ ኮሮቹም ከ1280 ወደ 1152 ወርደዋል። አርቲኤክስ 3050 መጀመሪያ በ8 ጊጋባይት ወጣ። በፈረንጆቹ 2024 በ6 ጊጋባይት ሌላ መጣ፤ እሱም ኮሩ የተቀነሰ፣ የማስታወሻ መንገዱም የጠበበ ነው። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 አለ፣ ባለ 8 አለ። ባለ 8ቱ የቀረበት 4 ጊጋባይት ብቻ አይደለም፤ እዚያም መንገዱ ጠቧል። የኤኤምዲው አርኤክስ 580 ከስሙ ኋላ "2048" የሚል ከተጨመረበት ከዋናው 2304 ኮር ላይ ተቀንሶ የተሠራ ነው። ጂቲ 1030 ደግሞ በዲዲአር4 እና በጂዲዲአር5 በሚባሉ ሁለት የማስታወሻ ዓይነቶች ይሸጣል፤ በዲዲአር4 የተሠራው በጣም ቀርፋፋ ነው። ካርድ ስትገዙ ከስሙ ይልቅ ጅራቱን አንብቡ።

ኮምፒውተሩን በኪሳራ ሸጥኩት። ከዚያ እልህ ያዘኝ። "ለካ ነገሩ ሁሉ ካርዱ ላይ ነው!" አልኩና ወደ ሌላው ጫፍ ተወረወርኩ። ከድጡ ወደ ማጡ።

በሁለተኛው ዙር አብዛኛውን ገንዘብ ለካርድ ሰጠሁ። ያገለገለ፣ ግን ጠንካራ፣ ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ አገኘሁ። በቀረኝ ከቢሮ የወጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ገዛሁ። አራት ኮር፣ አራት ትሬድ (ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው የሥራ መስመር)፣ አንድ ብቸኛ ባለ 8 ጊጋባይት ራም። ሐሳቡ በራሱ መጥፎ አይደለም። በዚህ መንገድ ጥሩ ኮምፒውተር የሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ። እነሱ ግን ከመግዛታቸው በፊት ጎኑን ከፍተው አይተዋል። እኔ አላየሁም።

ካርዱ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣ ባለ 8 ፒን ገመድ ይፈልጋል። የቢሮው ዴስክቶፕ እንዲህ ያለ ገመድ ጭራሽ የለውም። ለቢሮ ሥራ ምን ያደርግለታል? እኔ መላ አላጣሁም። ለሃርድ ዲስክ የሚሆነውን የሳታ ገመድ ወደ 8 ፒን የሚቀይር ትንሽ አዳፕተር ገዛሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ቦታ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ባለ 6 ፒን ገመድ ለ75፣ ባለ 8 ፒን ለ150 ዋት የታሰበ ነው። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልቱ በኩል የሚችለው ግን 54 ዋት ነው። ጌም በከፈትኩ በሃያ ደቂቃ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ነቅዬ ሳየው የአዳፕተሩ አፍ ቡናማ ሆኗል። ቤቱ አልተቃጠለም፣ ተመስገን።

ደህና ፓወር ሰፕላይ ገዝቼ መጣሁ። ስከፍተው የማዘርቦርዱ የኤሌክትሪክ መሰኪያ የተለመደው ባለ 24 ፒን አይደለም። አምራቹ ለራሱ ብቻ የሠራው ነው። በቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል። መቀየሪያ ገመድ ፈልጌ እስካገኝ ሁለት ሳምንት ሄደ። የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ካርድ ለመጨመር ካሰባችሁ ሦስት ነገር እዩ። መሰኪያው ባለ 24 ፒን ነው? ካርዱ በርዝመቱ ኬዙ ውስጥ ይገባል? ፓወር ሰፕላዩ የካርድ ገመድ አለው? መልሱ "የለም" ከሆነ የሚያዋጣችሁ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ነው። ከጂቲኤክስ 1650 ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ቅድም የተቸሁት ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050ም 70 ዋት ብቻ ስለሆነ ቦታው እዚህ ነው። ለእንዲህ ያለ ሳጥን ከእሱ የሚሻል ብዙ የለም።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ "ካርዱ የሞተ ነው የሸጡልኝ" እያልኩ ሻጩን ስረግም ነበር። ለካ የሞኒተሩን ገመድ የሰካሁት ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ሥዕሉን የምታወጣው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለችው ትንሽዬ ግራፊክስ ነበረች። ካርዱ ዳር ቆሞ ያያል። ገመዱን ወደ ካርዱ ሳዞረው ሁሉ ነገር ተለወጠ። ሻጩን በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ጌሙ በአማካይ 70 ፍሬም መስጠት ጀመረ። በቁጥር ካየነው ደስ ይላል። ሲጫወቱት ግን ሌላ ነው። ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ድንገት ቀጥ ይላል። መኪና ይዞ ከተማ መሀል የሚገባ ሰው በየመታጠፊያው ለቅጽበት ይደነዝዛል። ሴቲንጉን ሁሉ ወደ ዝቅተኛ አወረድኩት። ሥዕሉ አስቀያሚ ሆነ። መቆራረጡ ግን እንዳለ ነው። ወንድሜ በዚህ ጊዜ ምንም አላለም። ተነስቶ ወደ ስልኩ ሄደ። ይህ ከቀልዱ የባሰ ነበር።

አንድ ነገሩ የሚገባው ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ስሞታዬን ሁሉ ከሰማ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

"ካርዱ ስንት ፐርሰንት ነው የሚሠራው?"

"የምን ፐርሰንት?"

"አንተ ሰውዬ፣ ሳትለካ ነው ሁለት ኮምፒውተር የገዛኸው?"

ነገሩ የተገለጠልኝ ያኔ ነው። ዊንዶውስ ላይ ያለው ታስክ ማኔጀር ራሱ ካርዱና ፕሮሰሰሩ ስንት ፐርሰንት እንደተጠመዱ ያሳያል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ ጌሙ እየሄደ በስክሪኑ ጥግ ይጽፍላችኋል። ጭኜ አየሁት። ካርዱ ከ45 እስከ 50 ፐርሰንት ይንከላወሳል። አራቱም ኮሮች 100 ላይ ተሰቅለዋል። በመጀመሪያው ኮምፒውተር ላይ ብለካ ኖሮ ተቃራኒውን አይ ነበር።

አነባበቡ ይህን ይመስላል። ካርዱ ከ95 ፐርሰንት በላይ ከሆነ ፍጥነታችሁን የወሰነው ካርዱ ነው። ይህ በሽታ አይደለም፣ ጤና ነው። የከፈላችሁበትን ሁሉ እየሠራላችሁ ነው ማለት ነው። ካርዱ 50 እና 60 ላይ ከቆመ፣ የፍሬም ገደብ ወይም ቪሲንክ (ፍሬሙን ከሞኒተሩ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክለው ሴቲንግ) ካልበራ፣ ወደኋላ የሚጎትታችሁ ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ነው። የፕሮሰሰሩን ጠቅላላ ፐርሰንት ብቻ አይታችሁ ግን አትታለሉ። 12 ትሬድ ያለው ፕሮሰሰር በጠቅላላው 30 ፐርሰንት እያለ የጌሙ ዋና ሥራ የወደቀበት አንዱ ትሬድ ታንቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያለ ምንም ፕሮግራም የሚሠራ ሌላ ፈተና አለ። የጌሙን ሪዞሉሽን ከ1080ፒ ወደ 720ፒ አውርዱት። ፍሬሙ ከዘለለ ያነቀው ካርዱ ነበር። ንቅንቅ ካላለ ፕሮሰሰሩ ነው። ያን ሁሉ ሴቲንግ ሳወርድ ለውጥ ያላየሁት ለዚህ ነበር። መልሱ ዓይኔ ሥር ነበር፤ ማንበብ አልቻልኩም።

ጓደኛዬ ሌላም ነገር ነገረኝ። ያቺን ብቸኛ ራም የምትመስል ሁለተኛ ራም ግዛና በትክክለኛው ቀዳዳ ሰካት አለኝ። ራም ሁለት ሆኖ ሲሰካ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ያነባል፣ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው እጥፍ ይሆናል። ሰካኋት። መቆራረጡ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን በግልጽ ቀነሰ። ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ በጣም ትንሹ፣ ጥቅሙ ግን የታየኝ ይሄ ነው። 16 ጊጋባይት ልትገዙ ከሆነ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ግዙ።

ያን ኮምፒውተር ለጥቂት ወራት ተጠቀምኩበት። ፕሮሰሰሩ ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ውጭ ነበር። በይፋ የሚፈቀደው ከኢንቴል ከስምንተኛው ትውልድ፣ ከኤኤምዲ ከራይዘን 2000 ጀምሮ ያለው ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። አሮጌ ዴስክቶፕ የምታዩ ሰዎች ይህንንም ሒሳብ ውስጥ አስገቡት። እኔ ካርዱንም ሳጥኑንም ሸጬ እንደገና ጀመርኩ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በሦስተኛው ላይ ገንዘቡ እጄ ላይ እያለ አንድ ወር ምንም አልገዛሁም። መነሻዬ ሞኒተሬ ሆነ። 1080ፒ ነው፣ 75 ሄርዝ ነው። በሰከንድ ከ75 ፍሬም በላይ ቢመጣ ሞኒተሬ አያሳየኝም። ስለዚህ ከ75 የማይወርድ ነገር ነው የምፈልገው። ቀጥሎ በእርግጥ የምንጫወታቸውን ጌሞች ጻፍኩ። አንድ የኳስ፣ አንድ የኦንላይን ተኩስ፣ አንድ ሰፊ ዓለም ያለው ትልቅ ጌም። ወረቀቱ ላይ ሦስት ብቻ መሆናቸው አስገረመኝ፤ በሐሳቤ ሠላሳ ነበሩ። የኦንላይን ተኩስ በ144 እና ከዚያ በላይ ሄርዝ የሚጫወት ሰው ፕሮሰሰሩ ላይ መጨከን የለበትም። ሥዕሉ ያማረ ትልቅ ጌም በ60 የሚበቃው ሰው ደግሞ ያደላውን ለካርዱ ይስጥ። እኔ ለሁለቱ ብቻ የመደብኩትን ገንዘብ ሦስት ቦታ ከፍዬ ሁለቱን እጅ ለካርዱ፣ አንዱን ለፕሮሰሰሩ አደረግሁት። ሕግ አይደለም፤ ለእኔ ዓይነት ሰው ግን የሚቀርብ ሒሳብ ነው።

ከዚያ ልገዛ ያሰብኳቸው ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ላይ ሆነው የተፈተኑባቸውን ቪዲዮዎች ፈለግሁ። የካርዱ ብቻ ፈተና አያስተማምንም። ካርድ ሲፈተን ብዙ ጊዜ ከውድ ፕሮሰሰር ጋር ነው። እናንተ ቤት ያ ፕሮሰሰር የለም። ደግሞ አማካዩን ትታችሁ "1 ፐርሰንት ሎው" የሚለውን ቁጥር እዩ። የባሱት ቅጽበቶች ምን ያህል እንደሚወርዱ የሚነግራችሁ እሱ ነው። የእኔ አማካይ 70 የነበረውን አስታውሱ።

ለፕሮሰሰር 6 ኮር 12 ትሬድ ላይ ቆምኩ። ከዚያ በታች መሄድ አይቻልም ማለቴ አይደለም። በ2022 የወጣው ኮር አይ3-12100ኤፍ 4 ኮርና 8 ትሬድ ይዞ ከብዙ የቆዩ ባለ 6 ኮሮች ይፈጥናል። የአንዱ ኮር ጉልበት ከቁጥሩ ይበልጣል። ግን ሁለቴ የተቃጠልኩ ሰው ስለሆንኩ ትንሽ መተንፈሻ ፈለግሁ። ምርጫዬ በኮር አይ5-12400ኤፍ እና በራይዘን 5 5600 መካከል ሆነ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። የወሰነው ያገኘሁት ያገለገለ ኤኤም4 (የራይዘን መሰኪያ ሶኬት ያለው) ማዘርቦርድ ነው፣ ራይዘኑን ገዛሁ።

እዚህም ስም ሊያሳስታችሁ ይችላል። ራይዘን 5 5600፣ 5500 እና 5600ጂ ሦስቱም 6 ኮር ናቸው። 5600 ግን 32 ሜጋባይት ካሽ አለው። ሁለቱ 16 ብቻ ናቸው። ካሽ ፕሮሰሰሩ አጠገቡ የሚያስቀምጠው ፈጣን ማስታወሻ ነው፣ ጌም ላይ ልዩነቱ ይታያል። በዚያ ላይ 5600 በአራተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይሠራል፤ ሌሎቹ በሦስተኛው። ጥቂት መስመር ላለው ካርድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ የመጀመሪያውን ካርዴን አስታውሱልኝ። 5600ጂ የራሱ ጥቅም አለው። ውስጡ ግራፊክስ ስላለ ካርድ እስክትገዙ ቀላል ጌሞች ያጫውታችኋል። ከኢንቴል ስሙ በ"ኤፍ" የሚያልቅ ፕሮሰሰር ደግሞ ምንም ግራፊክስ የለውም። ካርድ ካልተሰካ ሞኒተሩ ጨለማ ነው። እሱን ገዝቶ "ተበላሽቷል" ብሎ ሊመልስ የሄደ ሰው አውቃለሁ።

ካርዱ ላይ ሁለት እጩ ነበረኝ፣ ሁለቱም በ2021 የወጡ። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይት እና አርኤክስ 6600 ባለ 8 ጊጋባይት። በተለመደው የሥዕል አሠራር በ1080ፒ ተቀራራቢ ናቸው። 3060 ሬይ ትሬሲንግ (ብርሃንና ጥላን እንደ እውነተኛው የሚያሰላ አሳሳል) ላይ ይሻላል፣ ዲኤልኤስኤስ የሚባለው፣ በትንሹ የተሳለውን ሥዕል ወደ ትልቅ የሚያሳድግ የኤንቪዲያ ማሳደጊያ አለው፣ ማስታወሻውም ሰፊ ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ሦስት ገጽታ ሥዕል ለሚሠራ ሰው ያለ ጥርጥር እሱን እላለሁ። 6600 ደግሞ 132 ዋት ብቻ ይበላል፣ ያኛው 170። መካከለኛ ፓወር ሰፕላይ ይበቃዋል። ኤፍኤስአር የተባለው ማሳደጊያም አለለት። እኔ ከጌም ውጭ ሥራ ስለሌለኝ 6600ን መረጥኩ። በልዩነቱ ደህና ፓወር ሰፕላይ ገዛሁ፣ ከአዳፕተሩ በኋላ እዚያ ላይ አልቀልድም።

የኢንቴል አርክ ካርዶችም በዋጋ ይማርካሉ። ነገር ግን ሪሳይዘብል ባር የሚባለው ነገር (ፕሮሰሰሩ የካርዱን ማስታወሻ በሙሉ እንዲያገኝ የሚያደርገው) ባዮስ ላይ፣ ማለትም ማዘርቦርዱን በሚያስነሳው ሶፍትዌር ላይ፣ ካልበራ ፍጥነታቸው ክፉኛ ይወርዳል፣ ከአሮጌ ፕሮሰሰር ጋርም አይስማሙም። አዲስ ፕሮሰሰር ላለው ሰው እንጂ ለአሮጌ ሳጥን አይሆኑም። ሌላ ልብ በሉ፤ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ሬይ ትሬሲንግ የማይችል ካርድ ላይ ጨርሶ የማይከፈቱ ጌሞች መምጣት ጀምረዋል። ስለዚህ የጥንት ትልቅ ጂቲኤክስ በርካሽ ስታገኙ ጉልበቱን ብቻ አይታችሁ አትጓጉ።

ካርዱን ያገለገለ ነው የገዛሁት። ሻጩን "ሰክተህ ግማሽ ሰዓት አሠራልኝ" አልኩት። የመጀመሪያው ሻጭ "ጊዜ የለኝም" አለኝ፣ ጥዬው ወጣሁ። ሁለተኛው ደስ ብሎት ሰካው። ጂፒዩ-ዚ በሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ስሙን፣ የኮሩን ብዛትና ማስታወሻውን አየሁ። የውስጡ ሶፍትዌር ተነካክቶ ሌላ ስም የተሰጠው ካርድ ስላለ ተለጣፊው ላይ ያለው ጽሑፍ ማስረጃ አይሆንም። ከዚያ ከባድ ጌም ከፍተን ሙቀቱን ተከታተልኩ። 70ዎቹ ውስጥ ቆመ። ስክሪኑ ላይ እንግዳ ነጠብጣብ ወይም መስመር አልወጣም። ማራገቢያዎቹ አልተንቀጫቀጩም። ከፈልኩ።

ቤት ገብቼ ገጥሜ ሳበራው ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ልቤ ቀጥ አለ። ሦስተኛም ሊሆን ነው? ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። "ባዮሱ የድሮ ነው፣ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም" አለኝ። ኤኤም4 ማዘርቦርዶች ለብዙ ዓመት ስለተሠሩ ሶኬቱ አንድ ቢሆንም የቆየው ቦርድ ባዮሱ ካልታደሰ ራይዘን 5000ን አይቀበልም። የቆየ ራይዘን አውሶኝ ሰክቼ አደስኩት፣ ከዚያ የእኔን መለስኩ። አንዳንድ ቦርዶች ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ብቻ የሚያድሱበት ቁልፍ አላቸው። ያገለገለ ቦርድ ስትገዙ የባዮሱን ቁጥር ጠይቁ። እግረ መንገዴን እዚያው ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚለውን አበራሁ። ያለ እሱ ራሙ ከተሸጠበት ፍጥነት በታች ነው የሚሠራው።

ማታ ያንን የመጀመሪያውን ጌም ከፈትኩ። ጥጉ ላይ ቁጥሮቼን ደረደርኩ። ካርዱ 97 ፐርሰንት፣ ፕሮሰሰሩ የሚተነፍስበት አለው፣ ፍሬሙ 75 ላይ ተተክሏል። ወንድሜ ወንበሬን ነጠቀኝ። ከተማው መሀል በመኪና ገባ፣ ታጠፈ፣ እንደገና ታጠፈ። እኔ ቁጥሩን ነው የማየው። "97፣ አየኸው? 97!" እለዋለሁ።

"ይህን ቁጥር አጥፋልኝ" አለኝ ዞር ሳይል። "መንገዱን ጋረደኝ።"